በኮምቦልቻ ያለ የቤተሰብ የፍራፍሬ ጓሮን ከነሙያው ለማቆየት ምን ይመከራል?

ጠያቂ፦ የቦርከና ዳር

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ወደ ቦርከና በሚገባ ወንዝ ዳር፣ አያቴ ያቀኑት አጎቴም እስከ ዛሬ የያዙት፣ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ የፍራፍሬና የአትክልት ጓሮ አለን። ትርንጎ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጣ ብርቱካን፣ ዘይቱን፣ ሮማን፣ ሙዝ፣ የተወሰነ የቡና እግርና ጌሾ በውስጡ ይገኛሉ፤ በዛፎቹ መካከል በተሠሩት መደቦች ላይ ደግሞ እንደየወቅቱ የሐበሻ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም ይተከላሉ።

የሚያሳስበኝ የዛፎቹ ማርጀት አይደለም፤ ዛፍ በችግኝ ይተካል። አጎቴ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ከሚሠሩት ሥራም አብዛኛውን ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ለምሳሌ በበጋ ወደ ሎሚው የሚሄደውን ቦይ ሆን ብለው ይዘጉና ቅጠሉ ጠውልጎ መጠቅለል እስኪጀምር ድረስ ውሃ ይከለክሉታል፤ ከዚያ ፍግ አልብሰው በደንብ ሲያጠጡት ዛፉ በአንድ ጊዜ አበባ ይለብሳል። ስንት ቀን እንደሚከለክሉት ስጠይቃቸው «ቅጠሉን እይ» ከማለት በቀር ቁጥር አይሰጡኝም። ጎመኑ ላይም ለዘር የሚተዉትን እግር ገና ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ሳለ ለይተው ክር ያስሩበታል፤ በምን እንደሚለዩት ግን በቅጡ አልገባኝም።

ከቤተሰቡ አንዳንዶቹ ጓሮውን ነቅለን ጫት እንትከልበት ይላሉ፤ ሌሎቹ ለቤት መሥሪያ እንከፋፈለው ባይ ናቸው። እኔ ጓሮው ከነሥራው እንዲቀጥል እፈልጋለሁ። ከአጎቴ ሙያ የትኛው በቅድሚያ መያዝ እንዳለበት፣ ዛፎቹንስ በምን መንገድ ማባዛት እንደሚሻል፣ በሌላ ቦታም እንዲህ ያለ አሮጌ ጓሮ በምን ዘዴ እንደኖረ የምታውቁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ የአትክልት መምህር

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። አጎትዎ በሎሚው ላይ የሚያደርጉት ነገር በዘልማድ የመጣ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ በትክክል የሚታወቅ ነው። የሎሚ ወገን የሆኑ ዛፎች ቅዝቃዜ ወይም የውሃ እጥረት ሲያገኛቸው እድገታቸውን ገትተው ወደ አበባ ይዞራሉ፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቅዝቃዜዋ ብቻውን አበባውን በአንድ ጊዜ አያስወጣውም፣ ስለዚህ ጥማቱ የቅዝቃዜውን ሥራ ይሠራል። በጣሊያን አገር የሲሲሊ የሎሚ ገበሬዎችም በበጋ ውሃውን ከልክለው እንደገና በመልቀቅ ሎሚ ከገበያ በሚጠፋበት ወቅት የሚደርስ ፍሬ ሲያመርቱ ኖረዋል። ቀን ቆጥረው ያለመናገራቸውም ተገቢ ነው። አሸዋማ አፈር ላይ ያለ ዛፍ በጥቂት ቀናት ይጠወልጋል፣ መረሬ ላይ ያለው ግን ሳምንታት ይቆያል፤ ያረጀ ዛፍና ወጣት ዛፍም ጥማትን እኩል አይችሉም። ቅጠሉ ጠዋት ላይ ሳይቀር እንደተጠቀለለ ከተገኘ ልኩ ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዛፉ ቅጠሉንም ቀንበጡንም ያጣል። ይህን ልዩነት በጽሑፍ መማር ስለማይቻል፣ ዘንድሮ ቦዩ በሚዘጋበት ወቅት ጠዋት ጠዋት ከአጎትዎ ጋር ዛፉ ሥር ይገኙ።

በቅድሚያ ምን ይያዝ ላሉት፣ የእኔ አስተያየት ውሳኔ የሚጠይቀውን ሥራ አስቀድሙ ነው። ጉድጓድ መቆፈርን፣ መኮትኮትን፣ ፍግ ማዘጋጀትን ከማንም መማር ይቻላል። መቼ ውሃ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚገረዝ፣ የትኛው እግር ለዘር እንደሚቀር የሚወስነው ዓይን ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ አጎትዎ ሲሠሩ በስልክ ከመቅረጽ ይልቅ መቀሱን እርስዎ ይያዙና እርሳቸው ይፍረዱ፤ ሊቆርጡ የፈለጉትን ቅርንጫፍ አስቀድመው ይናገሩ፣ ተሳስተው ከሆነ ምክንያቱን ያስረዱዎታል። አዋቂ ሰው «እንዴት ነው የምትገርዙት?» ሲባል መልሱ አጭር ነው፤ ሌላው ሊያበላሽበት ሲል ግን ሙያውን ሁሉ ያወጣዋል። ቅርጹንም አትጥሉት፣ ምሽት ላይ አብሮ ለማየት ይጠቅማል።

ስለ ማባዛቱ፣ ኮምጣጣው ብርቱካንና ሎሚው በዘር ቢተከሉ በአብዛኛው እናታቸውን ይመስላሉ፤ ምክንያቱም አንዱ ፍሬ ዘር ውስጥ ከእናቲቱ አካል ብቻ የሚፈጠሩ ብዙ ጽንሶች ስለሚገኙ ነው። ትርንጎ ግን እንዲህ አይደለም። የትርንጎ ዘር አንድ ጽንስ ብቻ ያለውና ከአባትም የሚወርስ በመሆኑ ከዘር የበቀለው ትርንጎ ከአያትዎ ትርንጎ ሊለይ ይችላል። ደግነቱ ትርንጎ በቀንበጥ በቀላሉ ሥር ይሰዳል፤ የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ያልጠናም ያላረጀም ቀንበጥ ተቆርጦ በጥላ ሥር በእርጥብ አሸዋማ መደብ ላይ ቢተከል ይይዛል። ሮማኑም በቀንበጥ ይባዛል። የሎሚ ወገንን ዘር ለመትከል ከፈለጉ ከፍሬው እንደወጣ ሳይደርቅ ይዝሩት፤ ፀሐይ ላይ አስጥተው ለከርሞ ካስቀመጡት አይበቅልም።

ጣፋጭ ብርቱካን ለመጨመር ካሰቡ ኮምጣጣውን እንደ መሠረት ተጠቅሞ ማዳቀል፣ ማለትም የጣፋጩን እምቡጥ በኮምጣጣው ግንድ ልጥ ውስጥ ማስገባት፣ ይቻላል። ኮምጣጣ ብርቱካን ግንዱን ከሥር የሚያበሰብሰውን በሽታ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ትሪስቴዛ የተባለው ቫይረስ ባለበት አካባቢ በላዩ የተዳቀለው ጣፋጭ ብርቱካን በአጭር ጊዜ ይደርቃል። ስለሆነም ማዳቀያ እምቡጥ የሚወስዱበት ዛፍ ጤነኛ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቅጠሉ ወጥነት በሌለው መንገድ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ ፍሬውም ትንሽና የተጣመመ ከሆነ በፍጹም አይውሰዱ፤ ይህ በደጋና በወይና ደጋ በትንንሽ ነፍሳት የሚዛመተው ግሪኒንግ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ቢላዋውንም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገሩ በበረኪና ውሃ ያጽዱት። ልጡ ከእንጨቱ በቀላሉ የሚላቀቅበት፣ ማለትም ዝናቡ ቆሞ ዛፉ ገና በእርጥበት ላይ ያለበት የመስከረምና የጥቅምት ጊዜ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። እምቡጡ የሚገባበት ቦታ ከመሬት ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ዝቅ ካለ አፈርና ውሃ እየነካው የመሠረቱ ጥቅም ይቀራል።

መልስ፦ ሐይቅ ሰፈር

እኔ የምጨምረው ከወደ ተሁለደሬ ነው። ወሎ ውስጥ የፍራፍሬ ጓሮ አዲስ ነገር አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ሲገልጽ ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ በብዛት እንደነበረው ጽፏል፤ ሰዎች ወደ ገዳሙ በሸምበቆ ታንኳ እንደሚሻገሩም፣ ታንኳው ላይ ቅል እንደሚታሰር አክሏል። ቦታው ያኔ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለእርስዎ ቅርብ ነው፤ ሄደው አባቶችን ቢያነጋግሩ ይጠቅምዎታል። የቤተሰቡ ሴቶች አብረው ለመሄድ ካሰቡ ግን ወደ ገዳሙ ሴት እንደማይገባ አስቀድሞ ይታወቅ።

ገዳማት አትክልት የጠበቁት ስለሚበላ ብቻ አይደለም። ለቁርባን የሚሆነው ወይን ከዘቢብ ስለሚዘጋጅ ወይን መትከል ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ነበር። ጌሾው ለበዓል ጠላ ያስፈልጋል። በወሎ ሙስሊም ዑለማ ግቢዎችም ቡናና ጫት ለሐድራው (ለጸሎት ስብሰባው) አስፈላጊ ስለነበሩ ተጠብቀው ኖረዋል። ዓላማ ያለው ተክል አልጠፋም። የእርስዎም ጓሮ ዕድሜ የሚያገኘው ለአካባቢው ሰው የሚፈለግ ነገር ሲኖረው ነው ባይ ነኝ፤ ትርንጎን ዛሬ በገበያ ፈልጎ የሚያጣ ሰው ብዙ ነው።

ሌላው ውሃው ነው። መምህሩ ስለ ቦይ መዘጋት ሲጽፉ አንድ ነገር አልፈዋል። ቦዩ የአጎትዎ ብቻ ካልሆነ ውሃ መዝጋትና መክፈት በተራ ነው፣ ተራውንም የሚያዘው የውሃ አባት ነው። በእኛ አካባቢ የውሃ አባት የሚመረጠው መሬቱን ከላይ እስከ ታች የሚያውቅ፣ ዘመድ የማያዳላ ሰው ሆኖ ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ውሃውን በሌሊት ቢያሾልክ በጠዋት በቦዩ ጭቃ አይቶ ያውቃል። አጎትዎ ሎሚውን ካስጠሙ በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ማግኘት የሚችሉት ተራቸውን ከጎረቤት ጋር ተለዋውጠው ሊሆን ስለሚችል፣ ከማን ጋር በምን ውል እንደሚለዋወጡ ይጠይቁ። ይህ ውል ካልተያዘ የሎሚው ሙያ ቢያዝም ሊሠራ አይችልም። ቦዩን የሚጠርጉበትን ቀንና የሚወጣውን የሰው ቁጥር ጭምር ይያዙ።

መልስ፦ ኩታበር

ወንድሞቼ፣ በአክብሮት ትንሽ ልቃወም። አሮጌ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው የሚል መንፈስ በውይይቱ ውስጥ እንዳይገባ እሰጋለሁ። እኛ ደጋ ስለሆንን ሎሚና ብርቱካን አይሆንልንም፤ ያለን ኮክና ፕሪም ነው። ኮክ ፍሬ የሚይዘው ባለፈው ዓመት በወጣ ቀንበጥ ላይ ብቻ ስለሆነ በየዓመቱ ካልተገረዘ ፍሬው ወደ ጫፍ እየሸሸ ውስጡ ባዶ ይቀራል። በእኛ ሰፈር ግን አባቶቻችን ኮክን እንደ አጥር ይተክሉት እንጂ አይገርዙትም ነበር፤ ያንን «ባህላዊ ሙያ» ብዬ ላወርሰው አልችልም።

በሎሚም ቢሆን ብዙ አሮጌ ጓሮ ውስጥ የሚታይ ነገር አለ። ፍጉን ግንዱ ላይ ይከምሩታል፣ ቦዩንም በቀጥታ ግንዱ ሥር ያስተኙታል። ከዚያ ልጡ ከመሬት አጠገብ ይሰነጠቅና ሙጫ ያነባል፣ ዛፉም ከአንድ ወገን ይደርቃል። በግንዱ ዙሪያ አፈሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ ውሃው የሚቆምበትን ቀለበት ከቅርንጫፉ ጥላ ጠርዝ ጋር እኩል ማድረግ ይሻላል፤ ውሃ የሚጠጣውም ሥር እዚያ ነው። አመድም እንደዚሁ ነው። ለጎመን ዘር ማስቀመጫ መልካም ነው፣ በየዓመቱ ከዛፍ ሥር ቢደፋ ግን አፈሩን ጨዋማና ኮምጣጣነት የሌለው እያደረገ አዳዲሱን ቅጠል ያስቢጫል። አጎትዎ እነዚህን የማያደርጉ ከሆነ በእርግጥም አዋቂ ናቸው።

ጫቱን በተመለከተ ቤተሰቡን በቁጣ ማሸነፍ አይቻልም። ጫት የሚመረጠው ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ስለሚሰጥ ነው። እርስዎም ጓሮው በየወሩ ምን ገንዘብ እንደሚያስገባ ጽፈው ያሳዩዋቸው፤ ጌሾው በበዓላት ሰሞን፣ ሎሚው በተወደደበት ወቅት፣ ቡናው በመኸር፣ ጎመኑና ጤና አዳሙ በየሳምንቱ ገበያ። ውሃ በመከልከል የሚመጣው ሎሚ ዋጋው ከፍ በሚልበት ጊዜ የሚደርስ ከሆነ የአጎትዎ ሙያ ራሱ ለክርክርዎ ማስረጃ ይሆናል።

መልስ፦ ከደሴ ርቄ

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው፤ አሁን የምኖረው ፈረንሳይ አገር ስለሆነ በሌላ ቦታ እንዴት እንደኖረ ለጠየቁት የማውቀውን ልንገርዎ። በቬርሳይ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ የአትክልት ጓሮ አለ። ዣን ባቲስት ደ ላ ኬንቲኒ የተባለ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1678 እስከ 1683 ረግረግ የነበረውን መሬት ውሃውን አንጠፍጥፎና አፈር አስሞልቶ ያበጀው ሲሆን ስፋቱ 9 ሄክታር ገደማ ነው። በረጃጅም ግንብ በመከፋፈሉ ግንቡ ነፋስ ይመልሳል፣ ቀን የሰበሰበውንም ሙቀት ማታ ይለቅቃል። የፒር ዛፎች ግንቡንና ሽቦውን ተደግፈው ጠፍጣፋ ሆነው እንዲያድጉ ይገረዛሉ። ላ ኬንቲኒ ትኩስ የፈረስ ፍግ ሲብላላ በሚያወጣው ሙቀት እየተጠቀመ ለንጉሡ ገበታ ያለ ወቅታቸው አትክልት ያደርስ ነበር።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ከንጉሡ በኋላ የሆነው ነው። ንጉሥ ሲቀር ጓሮው ሊጠፋ ይችል ነበር፤ በ1870ዎቹ የአትክልት ትምህርት ቤት እዚያው ውስጥ ተከፈተበት፣ ዛሬም ጓሮው በመልክዓ ምድር ንድፍ ትምህርት ቤት እጅ ነው። ዛፎቹ በጊዜ ብዛት ተተክተዋል፣ አገራረዙ ግን ከአትክልተኛ ወደ አትክልተኛ እየተላለፈ ቀጥሏል።

ተቃራኒውን ለማየት ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ ወዳለችው ሞንትሬ መሄድ ይበቃል። እዚያ ገበሬዎች በኖራ ጀሶ የተለሰነ ግንብ ሠርተው የኮኩን ቀንበጥ በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልለው በምስማር ከግንቡ ጋር እያያያዙ ብርዳማ በሆነው አየር ምርጥ ኮክ ያመርቱ ነበር። ባቡር መጥቶ የደቡቡን ኮክ ቀድሞና በርካሽ ሲያቀርብ ገበያቸው ወደቀ፤ ከተማውም ግንቡን እየዋጠው ሄደ። የቀረችውን ጥቂት ቦታ የአካባቢ ማኅበራት እየገረዙና እያስተማሩባት ይገኛሉ።

ስለዚህ የምመክረው ጓሮውን ከተማሪ ጋር ማገናኘት ነው። ኮምቦልቻ የግብርና ኮሌጅ አለ፣ ደሴ ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዓመት ለአንድ የመግረዣ ወቅትና ለአንድ የማዳቀያ ወቅት ተማሪዎች እንዲመጡ ቢጠይቁ ሥራውም ይቀልላል፣ አጎትዎም የሚጠይቃቸው ወጣት ያገኛሉ። የዕፅዋት ዘር ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የኢትዮጵያን የዘር ሀብት በመጠበቃቸው እንዳገኙ፣ ዘር በባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ፣ በገበሬው ምርጫ መጠበቅ አለበት ይሉ እንደነበርም ለኮሌጁ ሰዎች ማስታወስ አይከፋም።

የቦርከና ዳር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወንድማችን ከኩታበር ስለ ግንዱና ስለ ፍጉ ያሉትን ለአጎቴ አንብቤላቸው ነበር፤ ፍግ ከግንድ ክንድ ያህል መራቅ እንዳለበት እርሳቸውም ከአባታቸው የሰሙት ነው። የውሃው ተራም በእርግጥ ከታች ካሉ ሁለት ጎረቤቶች ጋር የሚለዋወጡት ሆኖ ተገኝቷል፤ ውሉ በቃል ብቻ ስለሆነ እነርሱ ባሉበት እንዲነገር ለመጪው የቦይ ጠረጋ ቀን ቀጠሮ ይዘናል። የገቢውን ስሌት እየሠራሁ ነው። የቀረኝ የጎመኑ ጉዳይ ነው። መምህር፣ አጎቴ ክር የሚያስሩት በምን መነሻ ይመስልዎታል?

የአትክልት መምህር፦

ክር የታሰረባቸውን እግሮች ከሌሎቹ ጋር ያነጻጽሩ፤ ዘግይተው የሚያብቡት ናቸው ብዬ እገምታለሁ። ቤት ውስጥ ዘር ሲሰበስብ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ አብቦ ዘር የሰጠውን እግር ይወስዳል። እንዲህ ሲደረግ ከዓመት ወደ ዓመት ቶሎ የሚያብብ፣ ቅጠሉ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቀነጠስ ጎመን ይመረጣል። አጎትዎ ክሩን አስቀድመው የሚያስሩት ቅጠሉ ሰፊና ለስላሳ የሆነውን፣ ብዙ ጊዜ ተቀንጥሶም ቶሎ ወደ አበባ ያልሄደውን ለይተው፣ የቤት ሰው ሳያውቅ እንዳይቆርጠው ይሆናል።

አንድ ወይም ሁለት እግር ብቻ አይተዉ፤ ቦታው ከፈቀደ ሃያ ያህል ይሁኑ፣ አለዚያ ዘሩ እየጠበበ ይሄዳል። የሐበሻ ጎመን በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለምታሻግር ሌላ ዓይነት ጎመን በአቅራቢያው አብቦ ከተገኘ ይንቀሉት። እሸቱ ቢጫ ሲሆንና የታችኛው መሰንጠቅ ሲጀምር ጠዋት በጤዛ ይቁረጡት፤ ከሰዓት በኋላ ከቆረጡት ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። በጥላ አድርቀው፣ ወቅተው፣ ከአመድ ጋር ቀላቅለው በቅል ውስጥ ያስቀምጡት። ከዘሩ ግማሹን ለጎረቤት ይስጡ፤ በእርስዎ ጓሮ ዝናብ ወይም ተባይ ቢያጠፋው ከዚያ ይመለስልዎታል። ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነውን ግን ከዚህ ላይ አይዝገኑ፣ ክር ካልታሰረበት እግር ይውሰዱ።